በቅርስነት የተመዘገበ ቧንቧ

የከተማችንን ምክር ቤት አርቆ አሳቢነት የሚጠራጠር ሰው ቢኖር፣ ባለፉት ክረምቶች በየካቲት ወር ወደ ሦስተኛ መንገድ መጥቶ ከቧንቧ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድቶ ለመጠጣት መሞከር ነበረበት። ውሃውን አያገኝም ነበር። በምትኩ ከውሃ የሚበልጠውን ትዕግሥትን ያገኝ ነበር። ይህን ጸጋ ያወረሱን ከመንገዱ ሥር ተጋድመው የኖሩት የብረት ቧንቧዎች ናቸው። የቀበሯቸው አያቶቻችን ገና ከባቡር የወረዱ እንግዶች ስለነበሩ፣ የካናዳዋ ማኒቶባ ውርጭ ወደ መሬት ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ አያውቁም ነበር። እኛ ግን አሳምረን እናውቃለን። አውቀን ምንም አለማድረጋችን የሥልጣኔያችን ምልክት ነው።

ምክር ቤቱ ጉዳዩን በቸልታ አልፎታል የሚል ሐሜተኛ እንዳይኖር አስቀድሜ ልናገር። ኮሚቴ አለው። ኮሚቴው በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰበሰባል። በክረምቱ ስብሰባ፣ ብርዱ የመስኮት መስታወት ሲያስጮህ፣ "የመሬቱ ሁኔታ ለቁፋሮ ምቹ ሆኖ ባለመገኘቱ ጉዳዩ ወደ በጋ ይተላለፍ" ተብሎ ይወሰናል። በበጋው ስብሰባ ደግሞ የከተማው ቧንቧ ሁሉ ውሃ እንደሚያወርድ ይረጋገጥና "በአሁኑ ሰዓት የተስተዋለ ችግር ባለመኖሩ" ተብሎ ወደ ክረምት ይመለሳል። በዚያ ላይ የእኛ በጋ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ የምታልቅ ናት። በእንደዚህ ያለ ወቅት መንገድ ቆፍሮ ሰውን ሐይቅ ዳር ካለች ጎጆው ማስቀረት ጭካኔ ነው። የኮሚቴው አባላት በሙሉ ሐይቅ ዳር ጎጆ እንዳላቸው የሰማሁት በኋላ ነው።

አንድ ዓመት እንዲያውም ምክር ቤቱ ከሩቅ ከተማ አማካሪ መሐንዲስ አስመጣ። መሐንዲሱ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው፤ ጥቁር መነጽርና ቁምጣ አድርጎ። በየቤቱ እየገባ ቧንቧ ከፈተ። ውሃው ተንፎለፎለ። በዘገባው ላይ የከተማው ቧንቧ "በተጠናው ወቅት ከውርጭ አደጋ ሙሉ በሙሉ ነጻ ሆኖ ተገኝቷል" ብሎ ጻፈ። ዘገባው በጭብጨባ ጸደቀ፤ መሐንዲሱም ሐይቅ ዳር ተጋበዘ።

ጥንቃቄም አልጎደለብንም። በየዓመቱ በጥር መጨረሻ በየበራችን ማስታወቂያ ይለጠፋል። "ውድ ነዋሪዎች፣ የቧንቧ መስመርዎ እንዳይቀዘቅዝ ቀንም ሌሊትም የእርሳስ ውፍረት ያለው ውሃ ሳያቋርጥ እንዲፈስ ያድርጉ" ይላል። ከጎኑ ሌላ ማስታወቂያ አለ። "ውድ ነዋሪዎች፣ ውሃ ሕይወት ነው፤ አንዲት ጠብታ እንኳ አያባክኑ።" ሁለቱንም የፈረሙት ክቡር ከንቲባችን ዋልተር ፔትሪሺን ናቸው፤ ያውም በአንድ ቀን። እኛም ሕግ አክባሪዎች ስለሆንን አንደኛውን እያነበብን ሁለተኛውን እንፈጽማለን።

ስለ ክቡር ከንቲባችን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። ብርማ ፀጉር አላቸው፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከግንባራቸው ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚተኛ። በከተማችን ካሉት ቋሚ ንብረቶች መካከል በየጊዜው እድሳት የሚደረግለት ይኸው ፀጉር ብቻ ነው። አዳሿ ደግሞ ጎረቤቴ ሲግሪድ ቶርላክሰን ናት። በሦስተኛ መንገድ ላይ፣ በገዛ ቤቷ የፊት ክፍል ውስጥ ፀጉር ቤት ከፍታ ስትሠራ የከተማው ሰው ግማሹ አድጎ ግማሹ መልጧል። ከንቲባውን እናታቸው በእጃቸው ይዘው ካመጧቸው ጊዜ ጀምሮ የምታስተካክላቸው እሷ ናት። ስለዚህ "ክቡር" አትላቸውም። "ዋሊ" ብላ በልጅነት ቁልምጫቸው ነው የምትጠራቸው።

የሲግሪድ ቤት የሚገኘው ዋናው ቧንቧ ከሁሉም ቦታ ይልቅ ወደ ላይ ቀረብ ብሎ በተቀበረበት ቦታ ላይ ነው። ከጥር እስከ ግንቦት አንዲት ጠብታ አታይም ነበር። ፀሐይ ወጥታ ሰው ካፖርቱን ካወለቀም በኋላ ውርጩ ገና ወደ ታች እየወረደ ነው፤ ላይ ላዩን በረዶው ይቀልጣል፣ ታች ታቹን የሲግሪድ ቧንቧ ይጋገራል። ምክር ቤቱ ለዚህም መፍትሔ አበጀ። "ጊዜያዊ የጉርብትና የውሃ አቅርቦት" ይባላል። በተራ ቋንቋ ሲነገር፣ ከጎረቤቷ ከኖርማን ዳይክ ምድር ቤት መስኮት ወጥቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ግቢውን አቋርጦ በሲግሪድ ምድር ቤት መስኮት የሚገባ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ጊዜያዊነቱ ከጀመረ ቱቦው ሦስት ጊዜ አርጅቶ ተቀይሯል።

ኖርማን የማዕዘኑ ቤት ነዋሪ ነው፤ ውሃው የሚመጣለት ምክር ቤቱና ባንኩ ካሉበት ከዋናው ጎዳና ስለሆነ አይቀዘቅዝበትም። ከእህል ጎተራ ጡረታ የወጣ ብቸኛ ሰው ነው። ከሲግሪድ ጋር ዓይንና ናጫ ናቸው፤ ነገር ግን በቱቦ ተያይዘዋል። ጠዋት ጠዋት በአጥር ላይ የሚያደርጉት ንግግር ለሰፈሩ እንደ ዜና ነው።

"ኖርማን! ውሃው ደከመ እኮ!"

"ድስት እያጠብኩ ነው፤ ታገሺ።"

"ብቻህን የምትኖር ሰው ከጠዋቱ የምን ድስት ነው?"

"ትላንት በሬዲዮሽ ያስጮህሽብኝን ዘፈን ከጆሮዬ እያጠብኩ ነው።"

"የደነቆረ ጆሮ ምን መታጠብ ያስፈልገዋል?"

"እንደሱ በይ! እኔ ወደ አሪዞና ስሄድ ቤቴንም ውሃዬንም ዘግቼ ነው የምሄደው። ትሰሚኛለሽ?"

"ሂድልኝ! እዚያው እባብ ይንደፍህ!"

"እባብ ይሻለኛል። እባብ ውሃ አይለምነኝም።"

ኖርማን ብርድ ለሚጠዘጥዘው ጉልበቱ ሲል ወደ ሞቃቷ አሪዞና እሄዳለሁ እያለ በየዓመቱ ይዝታል፤ በየዓመቱም ጉልበቱን ይዞ ይቀራል። ሲግሪድ ግን ያ ዛቻ አንድ ቀን እውነት ይሆናል ብላ ትፈራ ነበር። አንድ ቀን ፀጉሬን እያስተካከለችኝ "እሱ የሄደ ዕለት እኔ አለቀልኝ" አለችኝ። "ያለ ውሃ ፀጉር ቤት የለም። ቤቴን ዘግቼ ወደ ልጄ ወደ ዊኒፔግ ነው። ከልጄ ባል ጋር አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ሆኪ እያየሁ ልሞት ነው።" ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ መቀሱን አስቀምጣ በመስኮት ወደ ቱቦው ስታይ አየኋት። አፈርኩ።

እንግዲህ ወደ ታላቁ ታሪካችን ልግባ። ከሦስት ክረምት በፊት በሲግሪድ ደጃፍ ያለው ቧንቧ ፈነዳ። ውሃው ከመንገዱ ሥር እየገነፈለ ወጥቶ፣ ከእሷ በር እስከ ኖርማን ጋራዥ ድረስ ተንጣልሎ ተኛና በረዶ ሆነ። ክቡር ከንቲባው ሐዘናቸውን ለመግለጽ መጡ። "የተወደዳችሁ የሦስተኛ መንገድ ነዋሪዎች፣ በደረሰባችሁ ከባድ..." ብለው ሲጀምሩ፣ ከኋላቸው ሁለት ጎልማሶች የበረዶ መንሸራተቻ ጫማቸውን አጥልቀው፣ የሆኪ ዱላቸውን ይዘው ሽው እያሉ አለፉ። ከንቲባው ዞር ብለው አዩ። በረዶው እንደ መስታወት ያበራል። ንግግራቸውን ሳያቋርጡ ቀጠሉ፤ "...በደረሰባችሁ ከባድ ዕድል እንኳን ደስ አላችሁ!"

ከዚያን ቀን ወዲህ ፍንዳታ መባሉ ቀረ። "ተፈጥሯዊ የበረዶ ሜዳ" ተባለ። ሌሎች ከተሞች የበረዶ ሜዳቸውን በሠራተኛና በማሽን ውሃ ያጠጣሉ፤ የእኛ ግን በየሌሊቱ ቧንቧው ራሱ እያፈሰሰ ያለሰልሰዋል። "የሦስተኛ መንገድ የበረዶ ክብረ በዓል" የሚባል ተቋቋመ። ሰው ከየአካባቢው እየመጣ ፔሮጊ የሚባለውን ድንች የታጨቀበት ቅቅል ሊጥ በላ፣ ተንሸራተተ፣ ወገቡን ተሰበረ፣ በደስታ ተመለሰ። ሲግሪድ በመስኮቷ ሆና ውሃዋ በደጇ ላይ ሲጨፈርበት ታያለች።

በዚህ ደስታ መሐል መርዶ መጣ። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ያረጁ ቧንቧዎቻችንን በሙሉ በራሱ ወጪ በአዲስ ልቀይር አለ። ወዲያው አስቸኳይ የሕዝብ ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ።

ክቡር ከንቲባው ፀጉራቸውን በእጃቸው ደባበስ አድርገው ተነሡ። "የተከበራችሁ ነዋሪዎች! ከተማችን ጎርፍ አይታለች፣ የአንበጣ መንጋ አይታለች፣ እሳትም አይታለች። ዛሬ ግን በታሪኳ አይታው የማታውቀው አደጋ ተደቅኖባታል። ቧንቧችን ማፍሰሱን ሊያቆም ነው።"

"ያሳፍራል!" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

የቅርስ ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሎሬን ቀጠለች። ሎሬን ስትናገር ዓይኗን የምትጨፍን ሴት ናት። "ይህ ቧንቧ ተራ ብረት አይደለም። አያቶቻችን በላባቸው የቀበሩት ነው። እያንዳንዱ ስንጥቅ የታሪካችን ገጽ ነው። አንድን ስንጥቅ መድፈን ማለት አንድን ገጽ መቅደድ ማለት ነው!" አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እንባቸውን የጠረጉም ነበሩ።

ሲግሪድ ተነሣች። "ዋሊ..."

"ወይዘሮ ቶርላክሰን፣ በስብሰባ ላይ ስለሆንን እባክዎ በማዕረጌ ይጥሩኝ።"

"እሺ፣ ክቡር ዋሊ።" ሰው ሳቀ። እሷ ግን ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። "ከጥር ጀምሮ ገላዬን የምታጠበው በማንቆርቆሪያ ነው። ዛሬ አንድ እግሬን፣ ነገ ሌላውን። ያለችኝን ውሃ ለደንበኞቼ ነው የማውላት። እኔ ፀጉር እንጂ ታሪክ አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ በክረምት አንድ ቀን ብቻ፣ ገንዳዬን እስከ አፉ ሞልቼ እስከ አንገቴ ሙቅ ውሃ ውስጥ መጥለቅ እፈልጋለሁ። ይኼ ብዙ ነው?"

 ከጎኔ የተቀመጠው ኖርማን "ሙሉ ገንዳ? በኔ ቱቦ?" ብሎ አጉረመረመ። እውነቱን ለመናገር የሲግሪድ ነገር አንጀቴን በላው። እኔም ልነሣና ልደግፋት ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ፔሮጊው በዚያች ደቂቃ ቀረበ፤ ሕዝቡም ወደዚያ ፈሰሰ።

ከፔሮጊው በኋላ ጥበብ የተሞላበት ውሳኔ ተነበበ። "የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ያቀረበው እርዳታ በምስጋና ተቀባይነት አግኝቶ የከተማው ቧንቧ በሙሉ እንዲቀየር፤ ሆኖም በሦስተኛ መንገድ ላይ ያለው፣ በማፍሰስ የሚታወቀው ክፍል፣ በቅርስነት ተመዝግቦ ባለበት ሁኔታ እንዲጠበቅ፣ እንዳይጠገን፣ እንዳይነካ።" በቀላል አነጋገር፣ የማይቀዘቅዘው ቧንቧ ሁሉ ተቀየረ፤ የሚቀዘቅዘው ብቻ ቀረ። በጋው ላይ ከሌላ ከተማ የመጡ ሠራተኞች ሥራውን ጨርሰው ሄዱ። የእኛ ሰው ሐይቅ ዳር ስለነበረ ማንም አልተጉላላም። በሲግሪድ አጥር ላይ ደግሞ የነሐስ ሰሌዳ ተተከለ፤ "ይህ ቧንቧ የሕዝብ ቅርስ ነው። መጠገን ያስቀጣል" የሚል።

ክረምቱ ሲመጣ አዲሱ መስመር ሥራውን በሚገባ ሠራ። አንዲት ጠብታ በመንገድ ላይ ሳያባክን፣ ውሃውን በሙሉ ኃይሉ ወደ ቅርሱ አደረሰው። ቅርሱም በሙሉ ኃይሉ ፈነዳ። በረዶው ከዚያ ቀደም ካየነው እጥፍ ሆነ። የሲግሪድን ደረጃ ዋጠ፣ አጥሩን ዋጠ፣ በኖርማን ጋራዥ በር ሥር ሾልኮ ገባና የፒካፕ መኪናውን አራት ጎማዎች ይዞ አደረ።

ይህ የሆነው በክብረ በዓሉ መክፈቻ ዋዜማ ነው። ኖርማን ደግሞ በዚያው ሰሞን ጉልበቱ አልችል ብሎት ወደ አሪዞና ሊሄድ ቆርጦ ነበር። ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ጋራዡን ሲከፍት ያየውን አየ፤ የተናገረውን ግን እዚህ አልጽፈውም።

በዚያው ሰዓት ክቡር ከንቲባችን በሲግሪድ ወንበር ላይ ተንጋለው፣ አንገታቸውን በመታጠቢያው ጠርዝ ላይ አሳርፈው ነበር። ከዊኒፔግ ቴሌቪዥን መጥቷል። ከውጭ የባንዱ ሙዚቃ ይሰማል። እኔ ተራዬን እየጠበቅሁ ጋዜጣ አነብ ነበር።

"ሲግሪድዬ፣ ዛሬ ከፍ አድርጊልኝ። አገር ነው የሚያየኝ።"

"አንገትህን አቅና። ሞቀህ?"

"ኧረ እጅሽ ይባረክ!"

"ውሃው የኖርማን ነው፤ እሱን መርቅ። ዛሬ ነው የሚሄደው፤ ቱቦውንም ይነቅላል። እኔም ዕቃዬን አስሬያለሁ። ከእንግዲህ ሌላ ፀጉር ሠሪ ፈልግ፣ ዋሊ።"

"ምን ማለትሽ ነው! የአንቺን ጉዳይ ምክር ቤቱ በልዩ ትኩረት..."

"ዓይንህን ጨፍን፤ ሻምፖ ይገባብሃል።"

ጨፈኑ። ሲግሪድ አረፋውን በደንብ አስነሥታ እጇን ወደ ቧንቧው ስትሰድ፣ ቧንቧው አንድ ጊዜ ተንፍሶ ዝም አለ። ወደ መስኮቱ ሮጠች። ኖርማን ቱቦውን ከእሷ ምድር ቤት ነቅሎ እየጎተተ ጋራዡ ውስጥ ይዞት ገብቷል። በፒካፑ ጎማዎች ላይ ሙቅ ውሃ እያፈሰሰ ነው። ውሃው እንደፈሰሰ በረዶ እየሆነ ጎማዎቹን በተጨማሪ ያወፍራል።

"ኖርማን! ቱቦውን መልስ! ከንቲባው ሻምፖ ላይ ነው!"

"እኔ ደግሞ ቅርስ ላይ ነኝ! አራቱም ጎማ ተይዞብኛል!"

"ለከንቲባው ነው እኮ የምልህ!"

"ቅርሱን ያጸደቀው ማን ነው? እሱ አይደል? እንግዲህ በሱ ይታጠብበት!"

ከንቲባው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ከወንበሩ ተነሡ። አረፋው በጆሯቸው ላይ ይንጠባጠባል። "ማንቆርቆሪያ የለሽም?"

"ባዶዋን ናት። ጠዋት እግሬን ታጥቤባታለሁ።"

"ሁለቱንም?"

"ግራውን ብቻ።"

"በረዶ አምጪና አቅልጪልኝ!"

"እስኪቀልጥ ቴሌቪዥኑ ዊኒፔግ ይገባል። እንካ ፎጣ።"

ፎጣው አረፋውን ጠረገ፤ ሻምፖው ግን በፀጉሩ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ባርኔጣቸውን አቀረብኩላቸው። ክቡር ከንቲባው ባርኔጣ አድርገው በአደባባይ ታይተው አያውቁም፤ ያን ቀንም ሊጀምሩ አልፈለጉም። በሩን ከፍተው ወጡ። ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ነበር። በረዶውን አቋርጠው መድረኩ ላይ እስኪደርሱ ድረስ ያ የተከበረ ፀጉር አንድ በአንድ ተነሣ። በየአቅጣጫው ቆመ፣ ነጣ፣ ደረቀ። ጃርት መስለው መድረክ ላይ ወጡ።

ባንዱ ዜማውን ከመሐል ቆረጠ። ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ። ጋዜጠኛዋ ማይክሮፎኗን ወደ ፀጉራቸው አስጠግታ "ክቡር ከንቲባ፣ ይህ... ምንድን ነው?" አለቻቸው።

ትልቅ ሰው የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ሰዓት ነው። ከንቲባችን ዓይናቸውን በጨው አጥበው "ይህ የከተማችን ጥንታዊ ልማድ ነው" አሉ። "አያቶቻችን በክረምት እኩሌታ ላይ ፀጉራቸውን ታጥበው ለውርጩ ያቀርቡ ነበር። በውርጩ ላይ የነበራቸውን ድል ለማሳየት።"

እኛ አያቶቻችንን እናውቃቸዋለን። ባርኔጣቸውን አልጋ ላይም የማያወልቁ ሰዎች ነበሩ። ሆኖም ሕዝቡ አንዴ ተያየና ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረ። ሎሬን ዓይኗን ጨፍና "አያቴ እንዲህ ስታደርግ ትዝ ይለኛል" አለች። አንድ ሽማግሌ የያዘውን ሻይ በራሱ ላይ ደፋ። በማግስቱ የአገሩ ቴሌቪዥን ሁሉ የሚያሳየው የእኛን ከንቲባ ራስ ሆነ። ጋዜጠኛዋም በክብረ በዓሉ መዝጊያ ተመልሳ ሕዝቡ በሙሉ ፀጉሩን ሲያቆም ልትቀርጽ ቀጠሮ ያዘች። የበረዶ ሜዳውን ማን ያስታውሰው! ከዚያ ወዲህ የተንሸራተተበት ሰው ቢኖር ሳያስበው የወደቀ ብቻ ነው።

ምክር ቤቱ በአስቸኳይ ተሰበሰበ። እኔም ተገኝቼ ነበር። ችግሩ ቀላልና ግልጽ ነበር። ፀጉር ለማቆም ሻምፖና ብዙ ሙቅ ውሃ ያስፈልጋል፤ ይህን ሁሉ ራስ ማጠብ የሚችል ፀጉር ቤት በከተማው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ውሃ የለውም። ኖርማን ፒካፑን ለቅርሱ ትቶ በአውቶቡስ ሄዷል። ሲግሪድም ሣጥኖቿን በር ላይ ደርድራለች።

"ቧንቧው ይቀየር" አሉ ከንቲባው።

"መሬቱ እንደ ዐለት ነው እኮ፣ ክቡር ከንቲባ" አለ አንድ የምክር ቤት አባል።

"ማን ነው ያለው?"

"እርስዎ ነዎት። በየዓመቱ።"

"ያ በአጠቃላይ ሲነገር ነው። ይህ ግን ልዩ ሁኔታ ነው።"

"ቅርሱስ?" አለች ሎሬን።

"ቅርስ ከሕዝቡ ፍላጎት ጋር አብሮ ያድጋል" አሉ ከንቲባው። ሎሬን ይህን አባባል ወደደችው። የነሐስ ሰሌዳው ተነቅሎ ተገለበጠና በጀርባው ላይ የቆመ ፀጉር ያለው ራስ ተቀረጸበት።

በማግስቱ ሦስተኛ መንገድ በጭድና በሸራ ተሸፈነ። ከላዩ እንፋሎት ሲነዛበት አደረ። ኮምፕሬሰሩ ሲጮህ፣ ኤክስካቫተሩ ሲያጓራ ዋለ። ያ አባቶቻችንን ያንበረከከ፣ ኮሚቴዎችን የፈጀ መሬት እንደ ኬክ ተቆረሰ። አዲሱ ቧንቧ ውርጭ በማይደርስበት ጥልቀት ተቀበረ፤ ሳምንት እንኳ አልፈጀም። ሲግሪድ ካፖርቷን ደርባ በሯ ላይ ቆማ ታይ ነበር። ከንቲባው ሊጎበኙ ሲመጡ ጠራቻቸው።

"ዋሊ፣ ይኼ ነገር እስከዛሬም ይቻል ነበር ማለት ነው?"

"ለሕዝብ ጥቅም ሲሆን የማይቻል ነገር የለም፣ ሲግሪድ።"

"እኔስ? እኔ ሕዝብ አልነበርኩም?"

"አንቺማ ነዋሪ ነበርሽ" አሉ ከንቲባው፤ በእውነት ቅር ሊያሰኟት አስበው አልነበረም።

ሲግሪድ ሣጥኖቿን አንድ በአንድ ወደ ቤት አስገባች፤ እኔም አገዝኳት። ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ስትከፍተው መጀመሪያ ቡናማ ውሃ ተፋ፣ ቀጥሎ ጠራ። እጇን ከሥሩ አድርጋ ብዙ ቆየች። ዞር ስትል ዓይኖቿ ቀልተው ነበር። እኔም በዚያች ሰዓት ደስ አለኝ፤ ምክር ቤቱን እንኳ ይቅር ልል ምንም አልቀረኝም።

የመዝጊያው ቀን ደረሰ። ጋዜጠኛዋ ካሜራዋን ደቅናለች። ሕዝቡ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጆሮው እየቀላ፣ ከሲግሪድ በር እስከ መንገዱ ማዕዘን ድረስ ለመታጠብ ተሰልፏል። ከሰልፉ ፊት ክቡር ከንቲባው አሉ። በሩ ተቆልፏል። መጋረጃው ተዘግቷል። በመስኮቱ ላይ ከውስጥ ግርዶሽ የሠራ ጉም አለ፤ የሙቅ ውሃ ጉም።

ከንቲባው አንኳኩ። ደግመው አንኳኩ።

"ሲግሪድ! ሰው ተሰልፏል!"

"ይሰለፍ!" አለ ድምጿ ከወደ ውስጥ፤ ለስላሳ፣ የተኛ ሰው ድምፅ ነው። "ገንዳ ውስጥ ነኝ።"

"ቴሌቪዥኑ እየጠበቀ ነው እኮ!"

"ደህና አድርጎ ይጠብቅ።"

"ኧረ ሲግሪድ! ይኼ ቧንቧ የተዘረጋው በሕዝብ ስም ነው! ውሃው የሕዝብ ነው!"

ሁላችንም ጆሯችንን ጣልን።  የሰማነው ቧንቧው እስከ መጨረሻው ሲከፈትና ውሃው ከገንዳው አፍ ሞልቶ ወለሉ ላይ ሲፈስ ነው።